ከተማሪ ደብተር ወደ ካርድ ክፍል፦ የአማራጭ ኃይል ጥናት ማስታወሻዎቻችንን ስለማደራጀት

(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የንግግሬ ርዕስ በፕሮግራሙ ላይ ሲወጣ አንዳንድ የባቼ ልጆች «አንቺ ሐኪም አይደለሽም እንዴ? ስለ ሶላርና ስለ ባዮጋዝ ምን አገባሽ?» ብለውኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በየቀኑ የማያቸው ሕመምተኞች ግማሽ ታሪካቸው ያለው ማጀት ውስጥ ስለሆነ ነው የሚያገባኝ። በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀመጠ ነጭ ጋዝ ውኃ መስሎት ጠጥቶ የመጣ የሁለት ዓመት ልጅ፣ በር ዘግተው ከሰል አንድደው ያደሩና ጠዋት ራሳቸውን ስተው የተገኙ ባልና ሚስት፣ ሲጋራ በአፏ ዞሮ የማያውቅ ግን ሳንባዋ እንደ አጫሽ ሳንባ የሆነ የ60 ዓመት እናት። እነዚህን ያላየ ሐኪም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጭስና ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ ቤተሰቡ ምን እንደሚያነድ መጠየቅ ለእኔ ሂስትሪ መውሰድ ነው።

አገራችን በኃይል በኩል ብዙ ርቀት ሄዳለች። ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድባችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከመቀሌ አጠገብ የአሸጎዳ፣ ከአዳማ አጠገብ ደግሞ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች አሉ። በአሉቶ ላንጋኖ የከርሰ ምድር እንፋሎት ተሞክሯል፤ አዲስ አበባ ረጲ ላይ ደግሞ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ተሠርቷል። እነዚህ የሚያኮሩ ናቸው። ይሁን እንጂ ከግድቡ እስከ ምጣዱ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ገጠር ውስጥ እንጀራ አሁንም በብዛት የሚጋገረው በእንጨት፣ በጭራሮና በኩበት ነው። የመስመር ምሰሶ በደጃቸው የሚያልፍ ቤቶችም ቢሆኑ አምፖል ያበሩና እንጀራውን በጉልቻ ይጋግራሉ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋትና ከዚያም በላይ ስለሚስብ መስመሩም ኪሱም አይችለውም።

እንግዲህ ይህንን የመሐል መንገድ፣ ከምሰሶው እስከ ማጀቱ ያለውን፣ ማን አጥንቶታል? ብዙውን ያጠኑት ተማሪዎቻችን ናቸው። የማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት በአገራችን የቆየ ልማድ አለው። በ1954 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን ወደ ወረዳ ማሰማራት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በየግቢው ተማሪ ቀበሌ ወርዶ ቤት ለቤት ይጠይቃል። እኛም ወርደናል። ውኃ፣ ሽንት ቤት፣ ክትባት፣ ማገዶ፣ ብርሃን፣ ሁሉንም ጠይቀናል። የኢንጂነሪንግና የግብርና ልጆችም በየፊናቸው ባዮጋዝ ለክተዋል፣ ምድጃ ፈትነዋል፣ የሶላር ፓኔል ጣሪያ ላይ ሰቅለው ንባብ ወስደዋል።

ያ ሁሉ ጽሑፍ የት ነው? የመመረቂያ ጽሑፉ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ አንዳንዴም ይነበባል። ጽሑፉ የተወለደበት የመስክ ደብተር ግን ወይ ካርቶን ውስጥ ነው፣ ወይ ተማሪው ይዞት ሄዷል፣ ወይ ቢሮ ሲቀየር «አሮጌ ወረቀት» ተብሎ ወጥቷል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። በጽሑፍ ያለውም ካልተደራጀ የሚወርሰው አይጥ ብቻ ነው።

ላለፉት ሁለት ክረምቶች ከጥቂት ፈቃደኛ ተማሪዎች ጋር እንዲህ ያሉ ደብተሮችን እየሰበሰብን ለማስተካከል ሞክረናል። ዛሬ የማካፍላችሁ ከዚያ ሥራ የተማርነውን ነው።

በመጀመሪያ ያስገረመን የሀብቱ ብዛት ነው። አንድ ተማሪ በደብተሩ ጠርዝ ላይ «የባዮጋዙ መብራት ክር ተበጥሷል፤ ምትክ ከወረዳው ከተማ ጠፍቷል» ብሎ ጽፏል። ይህች መስመር በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ የለችም፤ እዚያ ያለው «ከጥገና ጋር የተያያዙ ችግሮች» የሚል ሐረግ ነው። ሊጠግን ለሚፈልግ ሰው ግን የምትጠቅመው የጠርዟ መስመር ናት።

ሁለተኛው ግኝታችን ግን ያሳዝናል። በአንድ ቀበሌ ሦስት የተለያዩ ባቾች ስለ ማገዶ ጠይቀዋል። አንዱ ባች ፍጆታውን በሸክም ጽፏል፣ ሁለተኛው በኪሎ፣ ሦስተኛው በብር። የአህያ ሸክም ይሁን የሴት ሸክም አልተገለጸም። ኪሎው በሚዛን የተለካ ይሁን በግምት አይታወቅም። ብሩም የየትኛው ዓመት ብር እንደሆነ አልተጻፈም። ሦስቱን አጋጥሞ «ማገዶው ቀነሰ ወይስ ጨመረ?» ለሚል ቀላል ጥያቄ መልስ ማግኘት አልተቻለም።

ወደዚያው ቀበሌ ተመልሰን ስንሄድ አንዲት እናት ቡና እያፈሉ የተናገሩት ከአእምሮዬ አይጠፋም። «ልጄ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምጋግር፣ ስንት ሸክም እንደማነድ ለእናንተ ስናገር ይኼ ሦስተኛዬ ነው። ያ ሁሉ የጻፋችሁት የት ነው የሚቀመጠው?» አሉን። እያሉን ያስላሉ። ከዚህ በላይ የተጠና የግምገማ አስተያየት ከየት ይመጣል? አንድን ሰው ሦስት ጊዜ ጠይቆ መልስ ሳይሰጡ መመለስ የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው።

እኛ ሐኪሞች ለዚህ በሽታ መድኃኒት አለን። ካርድ ክፍል ይባላል። በሽተኛው ዛሬ እኔ ዘንድ ቢመጣ፣ ነገ ሌላ ተረኛ ቢያየው፣ ካርዱ ይከተለዋል። ማን እንዳየው፣ መቼ፣ ምን እንዳለ፣ ምን እንደተገኘበት፣ ምን እንደታሰበ፣ ምን እንደተደረገ ይነበባል። የተማሪዎቻችንን ማስታወሻ በዚሁ ልማድ ማደራጀት እንችላለን። ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። እስቲ በዝርዝር ልግለጸው።

አንደኛ፣ ካርዱ የቤቱ ይሁን፤ የተማሪው አይሁን። እስካሁን ደብተሩ የሚታወቀው በተማሪው ስም ነው፤ ተማሪው ሲመረቅ ደብተሩም አብሮ «ይመረቃል»። እያንዳንዱ የተጠና ቤት፣ ጤና ኬላ ወይም ትምህርት ቤት አንድ ቋሚ ቁጥር ያግኝ፤ የሚቀጥለው ባች እዚያው ቁጥር ላይ ይጨምር።

ሁለተኛ፣ የተባለው፣ የታየውና የታሰበው ይለያይ። ኢንተርን እያለን በራውንድ ላይ «በሽተኛው ያለህን ንገረኝ፤ ከዚያ አንተ ያገኘኸውን፤ የአንተን ሐሳብ መጨረሻ ላይ» እየተባልን ያደግን ነን። ለምሳሌ አንድ የባዮጋዝ ማስታወሻ እንዲህ ይሁን። የተባለው፦ አባወራው «ባዮጋዙ ይሠራል» አሉ። የታየው፦ እበትና ውኃ የሚቀላቀልበት ገንዳ ደርቋል፣ ሸረሪት አድርቶበታል፤ ከምድጃው አጠገብ አዲስ አመድ አለ። የታሰበው፦ አገልግሎት ካቆመ ቆይቷል። ቀጣይ፦ ውኃ ከየት እንደሚቀዳና ከብቶቹ ስንት እንደቀሩ እመቤቲቱን ለብቻ መጠየቅ። ሦስቱ ተቀላቅለው «ባዮጋዙ በከፊል ይሠራል» ተብሎ ሲጻፍ ግን እንግዳ ላለማሳፈር የተባለው ነገር እንደ ልኬት ሆኖ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ቀንና ሰዓት። ይኼ በእኛ አገር የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። «በ2008 ተተከለ» የሚል ማስታወሻ አግኝተናል። የእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ የፈረንጅ? በፈረንጅ ከሆነ ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም ሥራ በጀመረበት ሰሞን የተተከለ ነው፤ በእኛ ከሆነ ሰባት ስምንት ዓመት ዘግይቶ። የጋኑን ዕድሜ ሳያውቁ ለምን እንደቆመ መናገር አይቻልም። የሰዓቱም እንዲሁ ነው። የሶላር ንባብ «3 ሰዓት» ተብሎ ሲጻፍ ጠዋት ይሁን ከሰዓት በኋላ አንባቢው አያውቅም፤ በሁለቱም ፀሐይ አለችና ከቁጥሩ መገመት አይቻልም። ስለዚህ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.»፣ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚሉትን ሳይጽፉ ገጹ አይጀመር።

ከቀኑ ጋር ወቅቱም ይጻፍ። ክረምት እንጨቱ እርጥብ ነው፤ ጭሱ ይበዛል፣ ምድጃውም ከደጅ ወደ ውስጥ ይገባል። የጾም ሳምንት ማገዶና የፋሲካ ሳምንት ማገዶ አንድ አይደለም፤ ዶሮ ወጥ ስንት ሰዓት እሳት ላይ እንደሚቆይ እዚህ ያላችሁ ታውቃላችሁ። ፍጆታውን በሁዳዴ የለካ ባችና በጥምቀት ሰሞን የለካ ባች ተገናኝተው ቢከራከሩ ሁለቱም ልክ ናቸው።

አራተኛ፣ መለኪያው ይገለጽ። ሸክም ማለት ክፉ አይደለም፤ ሰው የሚያውቀው ቃል ነው። ግን ሸክሙ ሚዛን ላይ ወጥቶ ኪሎው ከጎኑ ይጻፍ። የታወቀው ዘዴ የቤቱን እንጨት ዛሬ መዝኖ፣ ነገ በዚያው ሰዓት የቀረውን መዝኖ፣ ቢያንስ ለሦስት ቀን መድገም፣ ስንት ሰው እንደበላም መቁጠር ነው። ከመጽሐፍ ወይም ከኢንተርኔት የተቀዳ ቁጥር ደግሞ በግልጽ «የተቀዳ» ተብሎ ይለይ። አለበለዚያ ከጥቂት ዓመት በኋላ አንዱ ከቀበሌው የተለካ መስሎት ይጠቀምበታል።

አምስተኛ፣ ማውጫ። ለእያንዳንዱ ደብተር አንድ መስመር ይበቃል፦ ቁጥሩ፣ ዓመቱ፣ ቦታው፣ የኃይል ዓይነቱ፣ የተለካው ነገር፣ አሁን የተቀመጠበት መደርደሪያ። ገጾቹ በስልክ ፎቶ ተነሥተው በሁለት ቦታ ይቀመጡ፤ ወረቀቱ ግን አይጣል። ስልክ ይሰበራል፣ ፍላሽ ቫይረስ ይበላዋል፤ በቢክ የተጻፈ ደብተር ግን እርጥበት ካልነካው እኛን ሁሉ ይቀብራል።

ከዚህ በኋላ ማስታወሻዎቹን በኃይል ዓይነት መደልደል ይቻላል። በባዮጋዝ በኩል ዋናው ጥያቄ «ተተከለ ወይ?» ሳይሆን «ዛሬ ጠዋት ተመገበ ወይ?» ነው። አነስተኛ የቤተሰብ ጋን በየቀኑ 20 ኪሎና ከዚያ በላይ እበትና ያንኑ ያህል ውኃ ይፈልጋል። ከብቱ ከተሸጠ ወይም ምንጩ ከራቀ ይቆማል። ውኃውን የምትቀዳው ማን እንደሆነች ካልተጻፈ ጥናቱ ጎዶሎ ነው። በብዙ ቤት የባዮጋዙ ነበልባል ወጥና ቡና ያበስላል፤ ከግማሽ ሜትር በላይ ስፋት ያለውን ምጣድ ግን ዳር እስከ ዳር አያዳርስም። ስለዚህ ባዮጋዝ ያለው ቤትም እንጨት ያነዳል። «ባዮጋዝ አለው፦ አዎ» የሚል ምልክት ይህን አይነግረንም።

በሶላር በኩል ፓኔሉ ስንት ዋት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ባትሪው ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ዛፍ ጥላ ይጥልበት እንደሆነ፣ አቧራው መቼ እንደተወለወለ ይጻፍ። ጤና ኬላ ከሆነ ደግሞ ማታ ወላድ ስትመጣ መብራቱ መኖሩና የክትባት ፍሪጁ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል መቆየቱ ይመዝገብ። ፓኔሉ ጣሪያው ላይ ስላለ ክትባቱ ደኅና ነው ማለት አይቻልም።

በተሻሻሉ ምድጃዎች በኩል «ምርጥ» ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጀራ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቀንሳል ይባላል። ይህ የሚሆነው ግን ምድጃው ካልተሰነጠቀና በትክክል ከተቀመጠ ነው። በዚያ ላይ ማገዶ መቀነስና ጭስ መቀነስ አንድ ነገር አይደሉም፤ ጭስ ማውጫ አለው ወይ? መስኮቱስ? ሕፃኑ ሲጋገር የት ነው ያለው? ጀርባ ላይ ከሆነ ጀርባ ላይ ነው ተብሎ ይጻፍ። «ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ወጡን ባያጣፍጥም ሳንባን ሊያተርፍ ይችላል፤ ይህን ለማወቅ ግን ከመቀየሩ በፊት የነበረውም ተጽፎ መገኘት አለበት።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። ካርድ ክፍል በር አለው፣ ቁልፍም አለው። የሰው ስም፣ የስልክ ቁጥርና ሕመም ከኃይል ፍጆታው ጋር በአንድ ገጽ ላይ ሆኖ ለማንም አይሰጥም። ቁጥሩና ስሙ የሚገናኙበት ዝርዝር ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጥ። «ደብተርዎ ለሚቀጥሉት ተማሪዎች ይተላለፋል፤ ይፈቅዳሉ?» ተብለውም ሰዎቹ መጀመሪያውኑ ይጠየቁ። «አይሆንም» ያሉ ሰዎች ይከበሩ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ፤ ባዶ እጄን ለመመለስ አልመጣሁምና።

መምህራኖቻችን፣ ከእናንተ የምንለምነው ርክክቡ ነጥብ እንዲኖረው ነው። ተማሪ የሚሠራው ለሚመዘንበት ነገር ነው፤ እኛም እንደዚያው ነበርን። የመመረቂያ ጽሑፉ ውጤት ከመሞላቱ በፊት ደብተሩ ተቆጥሮ፣ ማውጫው ላይ ሰፍሮ፣ ገቢ ይሁን። ያልተሳካ ሙከራም እኩል ነጥብ ያግኝ። ጋዝ ያልሰጠ ጋን፣ ያልበራ ፋኖስ፣ ቤተሰቡ የመለሰው ምድጃ ለምን እንደሆነ በሚገባ ከተጻፈ፣ ለሚቀጥለው ተማሪ ከተሳካው ይበልጥ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። ተማሪው «አልሠራም» ብሎ ለመጻፍ የሚፈራ ከሆነ ግን ደብተሩ ሁሉ «በከፊል ይሠራል» ይሆናል።

የቀድሞ ተማሪዎች፣ ከእናንተ የምንፈልገው በመጀመሪያ ገንዘብ አይደለም፤ ለእሱ ገንዘብ ያዣችን አለ፣ አያመልጣችሁም። በየቤታችሁ፣ በእናታችሁ ቤት ቁምሣጥን አናት ላይ፣ በአሮጌ ሻንጣ ውስጥ የመስክ ደብተር ያላችሁ አምጡት። አጻጻፋችሁ የማይነበብ ከሆነ፣ በተለይ የእኛ የሐኪሞቹ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብላችሁ ከአንድ ተማሪ ጋር አንብቡለት፤ እሱ ይጻፍ። ውጭ አገር ያላችሁም በስልክ ይቻላል። ያ ምሰሶ ያኔ ነበረ ወይ? ምንጩ ከየት በኩል ነበር? ይህን የምታስታውሱት እናንተ ብቻ ናችሁ፤ ዓመቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ የምናስታውሰው እየቀነሰ ነው።

የአሁን ተማሪዎች፣ ወደ ቀበሌ ከመውረዳችሁ በፊት የቤቱን ካርድ አንብቡ። የተጠየቀውን ደግማችሁ አትጠይቁ፤ ካለፈው ቀጥሉ። «እማማ፣ ባለፈው የመጡት ልጆች ጢሱ እንደሚያስቸግርዎት ጽፈዋል፤ አሁንስ እንዴት ነዎት?» ብላችሁ ግቡ። ስትወጡም ያገኛችሁትን ለቤቱም፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ተናግራችሁ፣ መናገራችሁን በካርዱ ላይ ጽፋችሁ ውጡ። በእኛ ሙያ ውጤቱ ሳይነገረው የሚሸኝ በሽተኛ የለም።

በያዝነው ዓመት ማኅበራችን አንድ ክፍል፣ ሦስት መደርደሪያና አንድ የሚቆለፍ ቁምሣጥን እንዲያዘጋጅ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ከዕረፍት በኋላ ከመግቢያው በስተግራ ባለው ጠረጴዛ ላይ የማውጫውን ናሙናና ባዶ የካርድ ቅጽ ታገኛላችሁ፤ ደብተር ያለው ስሙን ያስመዝግብ፣ ቅጹ ላይ የሚጨመር ያየም በእስክሪብቶ ይጨምርበት።